ዓላማው አስቀድሞ የተቆረጠለት ሰው ምን ያህል ነፃ ነው?

ጠባሴ፦
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ደብረ ብርሃን ውስጥ 10ኛ ክፍልን ለጨረሱ ልጆች የክረምት ውይይት እየተሰናዳ ነው። መስከረም ላይ 11ኛ ሲገቡ ናቹራል ወይ ሶሻል ብለው ስለሚለያዩ ርዕሱ ለነሱ የወሬ ማሟሻ አይደለም። ጥያቄው እንዲህ ነው፦ የሰው የሕይወት ዓላማ አስቀድሞ ከተቆረጠ፣ ቆራጩ ፈጣሪም ይሁን ወላጅ፣ ለልጁ የራሱ ምርጫና እድገት ምን ይተርፈዋል?

በዝግጅቱ ላይ ሦስት ወገን ተፈጥሯል። አንዱ "ዓላማ የሌለው ሰው አውድማ ላይ የቀረ ገለባ ነው፣ ነፋስ ይወስደዋል" ይላል። ሁለተኛው "ሌላ የቆረጠልህ ዓላማ በልክህ ያልተሰፋ ልብስ ነው" ይላል። ሦስተኛው "የአርባ ቀን ዕድል ነው፣ ምን ያጨቃጭቃል" ብሎ በሩን ይዘጋዋል። የማንንም የሕይወት ታሪክ አንፈልግም፤ እሱ ሞልቶናል። የምንፈልገው ልጆቹ በእጃቸው ይዘው ሊለኩበት የሚችሉት ነገር ነው። ምን ተብሎ ይጠየቅ? ሰው የሚሳሳተውስ የቱ ላይ ነው?

ዘቡልጋ፦
ከሦስተኛው ልጀምር፤ ብዙ ሰው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ስለሚመስለው። አይደለም። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን የሚጠመቁበት መሠረት በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 12 ያለው የመንጻት ሥርዓትና በመጽሐፈ ኩፋሌ አዳም በ40፣ ሔዋን በ80 ቀን ገነት ገቡ የሚለው ነው። በዚያ ቀን የሚሰጠው የእግዚአብሔር ልጅነት ነው፤ የሥራ ምደባ አይደለም። አባባሉ ከሥርዓቱ እንዳልመጣ ማወቂያው ቀላል ነው፦ ስለ ሴት ሲወራም "የአርባ ቀን ዕድሏ" ነው የሚባለው። ሰማንያው የት ገባ?

ትምህርቱ የሚለው ሌላ ነው። በመጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 15፣ እሳትና ውኃ በፊትህ ቀርበዋል፣ እጅህን ወደ ወደድኸው ስደድ የሚል ቃል አለ። ነፃ ፈቃድ ሲሰበክ ከሚጠቀሱት አንዱ ይህ ነው። ስለዚህ ልጆቹ መጀመሪያ ሁለት ነገር ይለዩ፤ ፍጻሜንና መንገድን። ፍጻሜው አንድ ነው፣ ለሁሉም ተነግሯል። መንገዱ ግን አልተቆረጠም፤ ገበሬውም ሹፌሩም መነኩሴውም ወደዚያው ይሄዳሉ። ስሕተቱ የሚጀምረው አንድ አባት እሱ የወደደውን መንገድ የፈጣሪ ፍጻሜ አድርጎ ሲያውጅ ነው።

የስለት ልጅ ነገርም ይነሣባችኋል፤ ተዘጋጁ። እናት ልጇን ለገዳም ብትሳል ስለቱ የእናቲቱ ነው። ልጁ አድጎ ለመመንኮስ ቢመጣ በአመክሮ ይቆያል፤ ውኃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል፣ ይፈተናል። አመክሮ የተሠራው እኮ ለመሄድም ጊዜ እንዲኖረው ነው። የኛው የቡልጋ ሰው አቡነ ተክለ ሃይማኖት እንኳ፣ ገድላቸው ሳይወለዱ ተስፋቸው እንደተነገረ ቢተርክም፣ በወጣትነታቸው አዳኝ እንደነበሩ ይናገራል። ጥሪው በአደን ላይ ሳሉ መጣ፤ ከዚያም በኋላ ሐይቅ ድረስ ሄደው ከአባ ኢየሱስ ሞዐ ዘንድ ዓመታት ቆዩ። የተነገረው ተስፋ ትምህርቱን አላስቀረላቸውም።

ሰላ ድንጋይ፦
የኔታ፣ በአክብሮት እከራከርዎታለሁ። ፍጻሜው የተሰጠ ከሆነ መንገድ መምረጥ ምኑ ነፃነት ነው? ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ በአውቶቡስ ሄድኩ በእግሬ፣ መድረሻዬን የመረጠው ሌላ ነው።

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1945 ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዣን ፖል ሳርትር ፓሪስ ላይ ባደረገው ንግግር የወረቀት መቁረጫ ቢላን ምሳሌ አድርጎ ነበር። ወደኛ እናምጣውና ማጭድ እንበለው። ቀጥቃጩ ብረቱን ሳያግል በፊት አጨዳን ያውቃል። የማጭዱ መጉበጥ፣ ስለቱ፣ እጀታው ሁሉ ከአጨዳ የመጣ ነው። ስለዚህ ማጭድ ገና ሳይኖር ምንነቱ ተወስኗል። ሳርትር የሚለው፣ ሰውን እንዲህ አስቦ የቀጠቀጠው የለም፤ ሰው መጀመሪያ ይገኛል፣ ምን እንደሆነ በኋላ በሥራው ይታወቃል ነው። አምላክ የለም ብሎ ስለጀመረ የኔታ እንደማይስማሙበት አውቃለሁ፤ ለውይይቱ ግን ይጠቅማል።

ጠባሴ፣ ልጆቹ ይህን ሲሰሙ "ታዲያ ያሻኝን ልሁን" ብለው ሊወስዱት ይችላሉ፤ እዚያ ላይ ተጠንቀቅ። ሰውዬው ያለው ተቃራኒውን ነው፤ ማመካኛ የለህም፣ ዕዳው በሙሉ ያንተ ነው። "አባቴ አዝዞኝ ነው" የሚለውም መታዘዝን መርጧል። አብዬን ወደ እምዬ ማለት አይሠራም።

በራሴ ላይ መቃወሚያም ላቅርብ። አርስቶትል የሰው ልጅ የተለየ ተግባር አለው ብሏል። ግን ተግባሩ በአእምሮ ተመርቶ መኖር ነው አለ እንጂ ሐኪም መሆን ነው አላለም። ይህን ያህል ሰፊ የሆነ ዓላማ ማንንም አያስርም፤ ማንንም ደግሞ ወዴት እንደሚሄድ አይነግርም። የሚያስረው ሲጠብ ነው። ሲጠብ ደግሞ ጠጋ ብላችሁ እዩት፣ ቆራጩ ብዙ ጊዜ ሰው ነው።

ዘቡልጋ፦
የመጨረሻዋን እቀበልሃለሁ። የአውቶቡሱ ነገር የጠበበህ ግን ምሳሌው ጉዞ ስለሆነ ነው። ቅኔ ቤት ና። ከቅኔ ዓይነቶች ጉባኤ ቃና 2 ቤት (ስንኝ) ነው፣ ሚበዝኁ 3፣ ዋዜማ 5፣ ሥላሴ 6፣ መወድስ 8። ዜማው የታወቀ፣ ልኩ የታወቀ፣ የሚመሰገነው ባለ በዓል የታወቀ። ከዚህ በላይ አስቀድሞ የተቆረጠ ነገር ምን አለ? ሆኖም ትናንት የተባለውን ቅኔ ዛሬ ይዞ የመጣ ተማሪ አፍሮ ይመለሳል። ቅኔ በየዕለቱ አዲስ ነው። ተማሪው ከሰው ተለይቶ ሲቆጥር፣ ማለትም ቅኔውን ሲያዘጋጅ፣ ይውላል፣ ማታ ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩ ያቀናለታል። ጉባኤ ቃና ሳይሆንለት መወድስ አይሞክርም። ልኩ ባይኖር ሰሙና ወርቁ የሚገጥሙበት ቦታም አይኖርም ነበር።

እዚህም የሚበላሽ ነገር አለ። መምህሩ ራሱ ቆጥሮ ለልጁ ካስያዘው፣ ልጁ በዓሉን ያልፋል፤ ባለቅኔ ግን አይሆንም። ወላጆች የሚያጠፉት እዚህ ላይ ነው። ልክ መስጠትና ቆጥሮ መስጠት ይለያያል።

ሰላ ድንጋይ፦
የቅኔው ይሁን። ግን የኔታ፣ የቅኔ ተማሪ አኮፋዳውን አንጠልጥሎ ከአንዱ መምህር ወደ ሌላው ይሻገራል፤ ካልሆነለት ተነሥቶ ይሄዳል። የ11ኛ ክፍል ልጅ የት ይሄዳል?

ጣርማበር፦
ጠባሴ የጠየቀው መለኪያ ስለሆነ እኔ ወደዚያ ልግባ። ጄምስ ማርሻ የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1966 ከሥነ ልቦና ሊቁ ከኤሪክ ኤሪክሰን ሐሳብ ተነሥቶ ወጣቶችን በሁለት ጥያቄ ለየ፦ አማራጭ ፈልገህ አይተሃል? ወስነሃል? ከነዚህ አራት ዓይነት ሰው ይወጣል። አልፈለገም አልወሰነምም፤ እየፈለገ ነው ገና አልወሰነም፤ ፈልጎ ወስኗል፤ አማራጭ ሳይፈልግ ወስኗል። የጠባሴ ጥያቄ በሙሉ ያለው አራተኛው ላይ ነው። ይህ ልጅ ስትጠይቀው "መሐንዲስ" ይልሃል፣ ከመቼ ጀምሮ ስትለው "ከልጅነቴ"፣ ሌላ ምን አስበህ ነበር ስትለው ዝም።

መምህራን የሚሳሳቱት ይህን ልጅ ጎበዝ ነው፣ ዓላማውን ያውቃል ብለው ስለሚያልፉት ነው። በጥናቶቹ ከአራቱ ጭንቀቱ የሚያንሰው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ከሁሉ የሚጨነቀው ደግሞ እየፈለገ ያለው፣ ማለትም እያደገ ያለው ነው። ስለዚህ ውይይቱ ላይ የተረጋጋውን አታመስግኑ፣ የሚወላውለውንም አታሸማቅቁ። ሁለቱንም የያዛችሁበት መንገድ ነው ቀሪዎቹን የሚያስተምራቸው።

አማራጭ ሳይፈልግ የወሰነ ልጅ የሚሰበረው በሩ ሲዘጋ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኙ 3.3 በመቶ ገደማ ነበሩ። የገባውም ቢሆን ፍሬሽማንን ጨርሶ ዲፓርትመንት ሲመደብ በውጤትና በቦታ ብዛት ነው። "ሐኪም" ብቻ ብሎ የገባ ልጅ ፋርማሲ ሲደርሰው አንድ ትምህርት ያጣ አይመስለውም፣ ማንነቱን ያጣ ይመስለዋል። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ሲሰበር በአንዱ ተንጠልጠል የሚባለው ለዚህ ነው፤ ግን ሁለተኛው ባላ ፈተናው ሳይደርስ መተከል አለበት።

አሠራሩን ልስጣችሁ። የመጀመሪያው ቀን፦ ለእያንዳንዱ ልጅ ወረቀት፣ ስም ሳይጻፍበት። "መሆን የምፈልገው እንዲህ ነው፣ ምክንያቱም…" የሚለውን አምስት ጊዜ ይጻፉ፤ መሆን የሚፈልጉት አይቀየር፣ ምክንያቱ ግን በየመስመሩ ይለያይ። ሦስት ላይ ይቆማሉ፤ ጠብቁ፣ አታግዟቸው፣ 20 ደቂቃ ይውሰድ። ከዚያ በየመስመሩ ጎን ከአራቱ አንዱን ምልክት ያድርጉ። አንድ፣ ካልሆንኩ እቀጣለሁ ወይም እሸለማለሁ። ሁለት፣ ካልሆንኩ አፍራለሁ፣ ሰው ምን ይለኛል። ሦስት፣ ሥራው ራሱ ጥቅም እንዳለው ገብቶኛል። አራት፣ ከማምንበትና ከምኖርበት ነገር ጋር ይገጥማል። ይህ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ኤድዋርድ ዴሲና ሪቻርድ ራያን የሠሩት ደረጃ ነው፤ ዓላማ ከውጭ መጥቶ ወደ ውስጥ የሚገባበት መሰላል በሉት። አምስቱም መስመር አንድና ሁለት ላይ ከወደቀ ዓላማው ገና የሌላ ሰው ነው። አብዛኛው ልጅ ይደባለቅበታል፤ አይግረማችሁ።

ተከታዮቹ ሁለት ሳምንታት፦ እያንዳንዱ ልጅ ሦስት የሥራ ቦታ ግማሽ ግማሽ ቀን ይዋል። አንዱ የመረጠው ይሁን፣ ሁለተኛው የሚቀርበው፣ ሦስተኛው ጨርሶ ያላሰበው። ለሠራተኛው "ሥራህን ትወዳለህ?" አይበሉት፤ ሁሉም አዎ ይላል። "ትናንት ከጠዋት እስከ ማታ ምን ስትሠራ ዋልክ?" ይበሉት። ነርስ ከመርፌው ይልቅ መዝገብ ስትሞላ የምትውልባቸው ሰዓታት እንዳሉ የሚታወቀው በዚህ ጥያቄ ነው። ሦስት ነገር አይደባለቅ፦ መምህሩን መጥላትና ትምህርቱን መጥላት፣ ሙያውን መውደድና ልብሱን መውደድ፣ አለመቻልና ገና አለመልመድ።

ጠባሴ፦
እጅግ አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ግን። አባት ሐኪም ሁን ብሎት ልጁም ከልቡ ከወደደውስ? አባቱ ስላሉት ብቻ የራሱ አይደለም እንበል?

ጣርማበር፦
አንልም፤ ይህ የተለመደ ስሕተት ነው። ዴሲና ራያን በራስ ፈቃድ መመራት የሚሉት ከሰው መለየትን አይደለም። ሐሳቡ ከአባት ቢመጣም መሰላሉን ወጥቶ ሦስትና አራት ላይ ከደረሰ የልጁ ነው። እንዲያውም ሁለተኛ ስሕተት አለ፤ አባቱ ስላሉት ብቻ እምቢ የሚል ልጅ። ያ ልጅ አሁንም የሚመራው በአባቱ ነው፣ አቅጣጫው ዞረ እንጂ። ማርሻ መጀመሪያ የጠየቃቸው የአሜሪካ የኮሌጅ ወንዶች ስለነበሩ እኔ አንድ ማስተካከያ አደርግበታለሁ፦ እዚህ ፍለጋ ማለት ከቤተሰብ ወጥቶ መፈለግ መሆን የለበትም። ከአያት ጋር ተቀምጦ መጠየቅም ፍለጋ ነው።

ለአባት የሚነገርበት መንገድም አለው። በእንግዳ ፊት አይነገር፣ ውጤት በመጣ ማግስት አይነገር። ልጁ "አልፈልግም" ብሎ አይጀምር፤ "ይህንን አየሁ፣ ይህንን አገኘሁ፣ እስቲ ይዩልኝ" ብሎ የሦስቱን ቦታ ማስታወሻ ይዞ ይቅረብ። ከከበደ አክስት ወይም የንስሐ አባት መሐል ይግቡ።

መሐል ሜዳ፦
እስካሁን ሁላችሁም "ልጁ" ነው የምትሉት። ለሴት ልጅ ይቆረጥ የነበረው ሙያ አልነበረም፤ የማን ሚስት እንደምትሆን ነበር፣ ያውም በሕፃንነቷ ታጭታ። ዛሬ ሕጉ ከ18 ዓመት በታች ጋብቻ ቢከለክልም "ተምረሽስ ወዴት?" የምትለዋ ጥያቄ ገና ከቤት አልወጣችም። ለእኔ መለኪያው አንዲት መስመር ናት፦ ይህ ዓላማ ለወንድሟ ቢሰጥ ኖሮ ይቀበለው ነበር?

ሌላም የረሳችሁት አለ። ሰላ ድንጋይ ማጭዱን አነሣ፣ ቀጥቃጩን ግን አለፈው። ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋ በዚህ አገር ሙያቸው በትውልድ ነበር የሚቆረጥላቸው፤ ጠይብ እየተባሉ፣ በቡዳ እየታሙ፣ ሌላው እንዳያገባቸው እየተደረጉ። ከዚያ ቤት ለወጣ ልጅ ችግሩ የተሰጠው ዓላማ መጥበቡ ብቻ አይደለም፤ ትቶት ቢወጣም ስሙ ይከተለዋል። እንዲህ ያለውን ልጅ "ፈልግና ወስን" ማለት ብቻውን አይበቃም፤ ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሌሎች ልጆች ናቸው መጀመሪያ መመርመር ያለባቸው። ውይይቱ ላይ ስም የማይጻፍበት ወረቀት መባሉን የወደድኩት ለዚህ ነው።

ሮቢት፦
አሰላሙ ዐለይኩም ወንድሞች፣ እህቶች። ከቆላው በኩል ትንሽ ልጨምር፤ ክፍሉ ውስጥ ሙስሊም ልጆችም ይኖራሉና "ቀደር ነው"፣ ማለትም የአላህ ውሳኔ ነው፣ የሚል ይመጣባችኋል። በቀደር ማመን ከእምነት መሠረቶች አንዱ ነው፤ ግን ተቀምጦ መጠበቅ ማለት አይደለም። "ግመልህን እሰርና ተወከል (በአላህ ተመካ)" የሚለው ሐዲስ የታወቀ ነው። ከሱ የበለጠ ለዚህ ጥያቄ የሚስማማው ግን የኸሊፋ ዑመር ታሪክ ነው። በ18ኛው ዓመተ ሂጅራ ገደማ ወደ ሻም (ወደ ሶርያ አገር) ሲሄዱ ወረርሽኝ እንደገባ ሰምተው ሊመለሱ ሆነ። የጦር አዛዡ አቡ ዑበይዳ "ከአላህ ውሳኔ ሽሽት ነው?" አሏቸው። ዑመርም ከአላህ ውሳኔ ወደ አላህ ውሳኔ እንሸሻለን ብለው ምሳሌ ሰጡ፦ ግመሎች ይዘህ ሸለቆ ብትወርድ፣ አንዱ ወገን ለምለም ሌላው ደረቅ ቢሆን፣ በየትኛውም ብታሰማራ በአላህ ውሳኔ አይደለም ወይ? ከብት ለሚጠብቅ ልጅ ይህን ማብራራት አያስፈልግም። ደረቁ ላይ አሰማርቶ "ቀደር ነው" የሚል እረኛ ማንም አይሰማውም።

በዐቂዳ ኪታቦች ከስብ የሚባለው ቃል ለዚሁ ነው፤ ፈጣሪው አላህ ነው፣ አድራጎቱን የሚያገኘውና የሚጠየቅበት ግን ሰውዬው ነው።

መንዝ ጌራ፦
ሁሉም ስለ ቆራጩ ተናገረ፤ እኔ ስለ ጊዜው ልናገር። የመንዝን የጋራ ሣር መሬት፣ ጓሳን፣ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። የቄሮ ሥርዓት በሚባለው ሣሩ ለ3፣ ለ4፣ አንዳንዴ ለ5 ዓመት ይዘጋ ነበር። አባ ቄራ የሚባል ሹም ይጠብቀዋል፤ ሲከፈት የአስቦና የጌራ ዘሮች እንደየድርሻቸው ለክዳንም ለገመድም ያጭዱታል። ሥርዓቱ በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሲፈርስ ሣሩ ያለ ጊዜው ታጨደ፣ ያለ ጊዜው ተጋጠ። መከለል በራሱ ነፃነትን አልገደለም፤ ሣሩ ያደገው ስለተከለለ ነው። ግን የሚከፈትበት ጊዜ ነበረው።

የሕይወት ዓላማም እንዲያ ቢያዝ ባይ ነኝ። ልጁ መንገዱን ሲይዝ መቼ ተከፍቶ እንደሚታይ አብሮ ይወሰን። ለ11ኛ ክፍል የመጀመሪያው መክፈቻ የዓመቱ መጨረሻ ይሁን፣ ሁለተኛው ከ12ኛ ፈተና በፊት። በመሐል አይነካ፤ በየሳምንቱ "ልቀይር ይሆን?" የሚል ልጅ ሣሩን በቡቃያው እያጋጠው ነው፣ ምንም አይበቅልለትም። ቀኑ ሲደርስ ደግሞ "ተጀምሯልና ይቀጥል" አይባል፤ የጣርማበርን አምስት መስመር እንደገና ይጻፍ፣ ከድሮው ወረቀት ጋር ይተያይ። ምልክቱ ከአንድና ሁለት ወደ ሦስት ከሄደ ይከለል። ከሦስት ወደ ሁለት ከወረደ፣ ማለትም ወዶ የገባበት አሁን እፍረት ብቻ ከያዘው፣ ይከፈት።

ሰላ ድንጋይ፦
ቆንጆ ነው። ከፋቹ ማነው ታዲያ? አባ ቄራ አባቱ ከሆኑ ተመልሰን እዚያው ነን።

መንዝ ጌራ፦
አባ ቄራ በሕዝቡ የሚመረጥ ጠባቂ ነበር እንጂ የሣሩ ባለቤት አልነበረም። ባለ ድርሻው ልጁ ነው፤ አባት ይጠብቃሉ፣ ቀኑንም ያስታውሳሉ። ለዘንድሮዎቹ አባትና ልጅ የሚቀመጡበት የመጀመሪያው ስብሰባ ጳጉሜን ላይ ይሁን ብዬ ነው የምመክረው። ትምህርቱ አልተጀመረም፣ አረሙ አልቋል፣ አጨዳው ገና ነው፤ አባትም ልጅም ቤት ናቸው።